ቀትር ላይ ባዶ የሚሆነው ፍላሽ

ይህ የምነግራችሁ ነገር በእውነት የሆነ ነው።

ለማስፈራራት ያቀናበርኩት፣ ወይም ከሰው ሰምቼ ያጋነንኩት አይደለም። ግማሹን፣ በደረሰባት በዚያው ቀን፣ ልጅቷ ራሷ ነግራኛለች። የቀረውን በዓይኔ አይቻለሁ... ዛሬም አያለሁ።

ሌሊት አልነበረም። ጨለማም አልነበረም።

ስድስት ሰዓት ነበር። ጠራራ ቀትር። ወሩ ሚያዝያ፤ በእኛ በይፋት ቆላ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር የሚገባበት ሰሞን።

ቦታው ከሸዋሮቢት ወደ ጀውሃ ሲሄዱ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ያለ አንድ የቀወት መንደር ነው። ስሙን አልጠቅሰውም። ሰዎቹ እስከ ዛሬ ከዚያው ውኃ ይጠጣሉና።

ልጅቷ ፌቨን ተሰማ ትባላለች። በልጅነቷ ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ድረስ የኔታ ትለኛለች። ስታነብ በተሳሳተች ቁጥር ከእኔ የምትሰማው ቃል አንድ ብቻ ነበር።

«ድገሚው።»

አልቅሳም ብትሆን፣ መሽቶም ቢሆን፣ «ድገሚው»። ይህን ያዙልኝ።

አሁን አድጋ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ የውኃ ፓምፖችን ትጠግናለች። የዚያ መንደር ፓምፕ የሚታዘዘው ምሰሶ ላይ በተሰቀለ የብረት ሳጥን ነው። ሳጥኑ በውስጡ ትንሽ ኮምፒውተር አለው፤ ነገር ግን የራሱ ትዝታ የለውም። ሲነሣ የሚነሣበት ሲስተም በሙሉ ያለው በጎኑ በሚሰካ ፍላሽ ላይ ነው። ፍላሹ ባዶ ከሆነ፣ ሳጥኑ መጽሐፉን ቤቱ ረስቶ እንደ መጣ ዲያቆን አፉን ይዞ ይቆማል።

ቆሞም ነበር።

ፓምፑ ከቆመ ወዲህ መንደሩ ከወንዝ ይቀዳ ጀመር። የወንዙ ውኃ ልጆቹን ጣላቸው። ከታመሙት አንዷ ሒክማ፣ የጉድጓዱ ዘበኛ የጋሼ ኸድር የልጅ ልጅ ነበረች። ጤና ጣቢያ ተኝታ ጉሉኮስ ተሰክቶላታል። ንጹሕ ውኃ ካላገኙ ሌሎቹም እንደሚከተሏት ለመንደሩ ተነግሯል።

ፌቨን ከሳምንት በፊት መጥታ አዲስ ፍላሽ አዘጋጅታ፣ ሰክታ፣ ውኃው ሲወርድ አይታ ከቀትር በፊት ሄዳ ነበር። ማታ ተደወለላት። ቆሟል።

ተመልሳ መጣች። ሳጥኑን ከፈተች። ብረቱ በሙቀት እጅ ይልጥ ነበር።

ፍላሹን ነቀለችው።

ቀዝቃዛ ነው።

እርጥብም ነው...

«ጋሼ ኸድር፣ ይህን ሳጥን ማን ከፈተው?»

«ቁልፉ አንቺ ጋ አይደል እንዴ?»

ፍላሹን በቀሚሷ ጠርጋ ላፕቶፗ ላይ ሰካችው። አልተሰበረም። አልተቃጠለም። ባዶ ነው። አንዲት ፊደል እንኳ አልቀረችበትም።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው ፓምፑ የቆመው?»

«ስድስት ሰዓት። ቀትር ላይ። ሁልጊዜም ቀትር ላይ ነው።»

«አንቱ እዚህ ነበሩ?»

«እኔ? ምን ቆርጦኝ! በቀትር እዚህ ግቢ ሰው አይቆምም። ጉድጓዱ ከተቆፈረ ጀምሮ ሰዓቱ ሲደርስ ቆልፌ እወጣለሁ።»

«ለምን?»

ጋሼ ኸድር ከመሬት ብቅ ወዳለው ወፍራም ቧንቧ አየት አደረጉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እዚህ ሆነሽ አትጠይቂኝ።»

ፌቨን ሳቀች። «ጋሼ፣ እኔ የጻፍኩት ፍላሽ ነው እንጂ የሼኮች ክታብ፣ ሂርዝ አይደለም። ጅኑ ፎርማት ማድረግ የት ተማረ?»

«ቀልጂ አንቺ... ቀልጂ።»

ከዘበኛው ዳስ ጥላ ሥር ተቀምጣ ሥራዋን ጀመረች። ይህን የምዘረዝረው ልጅቷ በቸልታ እንዳልሠራች እንድታውቁ ነው። በመጀመሪያ ፍላሹን ሙልጭ አድርጋ አጸዳች። ከዚያም ሲስተሙን ጻፈችበት። ተጽፎ ሲያልቅ የተጻፈውን ከዋናው ጋር ፊደል በፊደል አመሳከረች፤ አንድም አልጎደለም። በፍላሹ ጎን አንዲት ትንሽ መዝጊያ አለች፤ ከተገፋች ማንም ሊጽፍበትም ሊያጠፋበትም አይችልም።

ገፋቻት።

«አሁን ይሞክራ!» አለች።

ሰካችው። ሳጥኑ ነቃ። ፓምፑ አጓራ። ውኃው ወረደ።

ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ተንጋጉ። ከፊት የቆመችው የሒክማ እናት ዓሊያ ነበረች፤ የጋሼ ኸድር ልጅ። «አልሃምዱሊላህ! አንድ ጀሪካን ብቻ ጤና ጣቢያ ላድርስ» ትል ነበር።

ፀሐይዋ ወደ አናት ስትጠጋ ግን ሴቶቹ አንድ በአንድ ጀሪካናቸውን እያነሡ ሄዱ። ግማሽ የሞላውን ጥላ የሄደችም ነበረች። ማንም ሂዱ አላላቸውም።

ጋሼ ኸድር የአጥሩን በር ቁልፍ አወጡ።

«ውጪ ልጄ። ሰዓቱ ደረሰ።»

«አልወጣም።»

«አንቺ ልጅ! የሰው ልጅ ነሽ፣ ምን ልበል ለወላጆችሽ?»

«እኔ ከወጣሁ ከሰዓት በኋላ ይሄ ፍላሽ ባዶ ነው። እንግዲያስ ሒክማ ከጤና ጣቢያ ስትወጣ ምን ትጠጣ? የወንዙን?»

ሽማግሌው ቁልፉን በእጃቸው አገላበጡ። 

«ቆልፈውብኝ ይሂዱ ጋሼ። እኔ ማን እንደሚያጠፋው አይቼ ነው የምሄደው።»

ቆለፉባት። እያዩዋት፣ እየዞሩ እያዩዋት ሄዱ። በመንደሩ መስጊድ አዛን የሚያደርጉት እርሳቸው ናቸውና መቅረት አይችሉም ነበር።

ብቻዋን ቀረች።

ላፕቶፗን በገመድ ከሳጥኑ ጋር አገናኘች፤ ሳጥኑ የሚያስበው ሁሉ መስመር በመስመር ይታያታል። ሁለተኛውን ፍላሽ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

ጥላዋ እግሯ ሥር ገባ። የአጥሩ ጥላ ጠፋ። የምሰሶው ጥላ ጠፋ።

ነፋሱ ቆመ።

ከታንከሩ ላይ ሲያንጎራጉሩ የነበሩት ርግቦች ዝም አሉ። ቀና ብላ አየቻቸው። አልበረሩም። ሁሉም ጀርባቸውን ለቧንቧው ሰጥተዋል።

ከዚያ የረጠበ ጭቃ ሸተታት... በዚያ ሐሩር።

የፍላሹ መብራት ብልጭ አለ።

መዝጊያው የተገፋ ፍላሽ፣ እንደሚጻፍበት ፍላሽ አይበራም። ይህ ግን በራ። ብልጭ... ብልጭ... ብልጭ...

ላፕቶፑን አየች። የፋይሎቹ ስሞች ከታች ወደ ላይ እየጠፉ ነበር። አንድ በአንድ። ሳይቸኩል። ከመጨረሻው ገጽ ጀምሮ ወደ መጀመሪያው እንደሚያነብ ሰው።

ፓምፑ ድምፁ ወረደ። ውኃው ቀጠነ። ቆመ።

በዚያው ቅጽበት ከመንደሩ ድምፅ ማጉያ የጋሼ ኸድር አዛን ተሰማ።

ልቧ ተመለሰ። «ሰው አለ» አለች በልቧ። ቅርብ ነው።

ከቧንቧው ውስጥ ደግሞ፣ ሹክ በሚል ድምፅ...

«ውጪ ልጄ... ሰዓቱ ደረሰ...»

የጋሼ ኸድር ድምፅ ነበር።

አዛኑ አልተቋረጠም። በዚያ በኩል እርሳቸው ይጣራሉ። በዚህ በኩል እርሳቸው ያንሾካሹካሉ። በአንድ ጊዜ።

ፌቨን ሸሸች። ይህን ስትነግረኝ አላፈረችም፤ እኔም አላፈርኩባት። ወደ አጥሩ በር ሮጣለች። መቆለፊያውን ይዛ ነቅንቃለች።

ከዚያ ግማሽ የሞላ አንድ ጀሪካን አየች። ዓሊያ በጥድፊያ ጥላው የሄደችው ነው።

ተመለሰች።

ፍላሹን ነቀለችው። ውኃ ያንጠባጥባል። ባዶ ነው። ሁለተኛውን አንሥታ ሳጥኑ ላይ ሰካች። የመጀመሪያውን በቀሚሷ አድርቃ፣ መዝጊያውን መልሳ፣ ላፕቶፑ ላይ ሰክታ እንደገና መጻፍ ጀመረች። ሳጥኑ ነቃ። ፓምፑ አጓራ።

ብልጭ... ብልጭ...

ሁለተኛውም ይጠፋ ጀመር።

«አጥፋ» አለች ጥርሷን ነክሳ። «አንተ አጥፋ፤ እኔ እጽፋለሁ።»

አንዱ ሲደመሰስ ሌላው ይጻፋል። የተደመሰሰውን ነቅላ የተጻፈውን ትሰካለች። ፓምፑ ይነሣል፤ ይወድቃል፤ ይነሣል። እጇ እስከ ክርኗ ረጠበ፤ ቅዝቃዜው አጥንቷ ውስጥ ገባ።

ያን ጊዜ በሳጥኑ ክዳን ላይ ጥላ አየች።

ምንም ነገር ጥላ በሌለው ሰዓት። ምሰሶው ጥላ የለውም። እርሷም የላትም። በክዳኑ ላይ ግን የእጅ ጥላ አለ፤ የማታ ፀሐይ እንደሚስለው ረጅም፣ ቀጭን። ጣቶቹ ፍላሹ ላይ ናቸው።

ቧንቧው እንደገና አንሾካሾከ።

«ተይው ልጄ... ደክሞሻል... ተይው...»

አሁን የጋሼ ኸድር ድምፅ አልነበረም።

የእኔ ነበር።

እኔ በዚያ ሰዓት ሸዋሮቢት፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆሜ ነበር። ስለ እርሷ የማውቀው ነገር አልነበረም። ነገር ግን ያ ነገር ድምፄን፣ ስናገር ትንፋሽ የምወስድበትን ስፍራ ሳይቀር ያውቅ ነበር።

አንድ ነገር ግን አላወቀም።

ፌቨን ከፍርሃቷ መካከል ሳቀች። እንባዋ እየወረደ ሳቀች።

«ውሸታም!» ብላ ወደ ቧንቧው ጮኸች። «የኔታ አንድ ቀን ተይው ብለውኝ አያውቁም! ድገሚው ነው የሚሉኝ! ሰማህ? እደግመዋለሁ! እስኪመሽ እደግመዋለሁ!»

የተጻፈውን ፍላሽ አንሥታ ሰካች። መዳፏንም በላዩ ጫነች... ጥላው ባለበት።

ቀዝቃዛ ነገር እጇን ያዘ። ሳበ።

አልለቀቀችም።

ሳበ።

አልለቀቀችም።

ከታንከሩ ላይ አንዲት ርግብ ስትበር ሰማች። ወደ መሬት አየች። ከእግሯ ሥር የራሷ ጥላ፣ እንደ ጥፍር ቀጭን ሆኖ ወጥቷል። ቀትሩ አልፏል።

ፓምፑ ያጓራ ነበር።

ጋሼ ኸድር ሲመጡ ሳጥኑን እንደተደገፈች አገኟት። ውኃው ጀሪካኑን ሞልቶ ይፈስ ነበር። እጇን አዩ። በእጅ አንጓዋ ዙሪያ የጣት ምልክት አለ፤ ረጃጅም፣ ከሰው ጣት የረዘመ።

«ሱብሃነላህ...» አሉ። መሬት ላይ ተቀመጡ። «ይኸን ሁሉ ዓመት በቀትር ቆልፌ ስሄድ፣ ግቢውን ለእሱ ሳስረክብ ኖሬያለሁ» አሉ።

«ነገስ ጋሼ?»

«ነገ?» ቆጣ አሉ። «ነገ እኔ ነኝ የምቀመጠው። እመጣለሁ ካለ ይምጣ!»

ለአዛኑ ሌላ ሰው ተኩ። በማግሥቱ ስግደታቸውን ከሳጥኑ ሥር ሰገዱ። ከዚያ በኋላ የክርስቲያኑም የእስላሙም ቤት ተራ ገባ። በቀትር ያ ግቢ ሰው አጥቶ አያውቅም፤ ፍላሹም ባዶ ሆኖ አያውቅም። ሒክማ ድና ወጣች። የምትጠጣው ከዚያው ነው።

ምን እንደነበረ የሚጠይቁኝ አሉ። ከጸሎታችን መካከል የቀትሩን ነገር «የቀትር ጋኔን» ብሎ በስሙ የሚጠራ አለ። ስፍራውን ልቀቁለት የሚል ግን አንድም አላገኘሁም። ከዚህ በላይ አላውቅም።

አሁን ያየሁትን ልንገራችሁና ልጨርስ።

ከሁለቱ ፍላሾች አንዱ፣ በመጀመሪያ የተደመሰሰው፣ ከዚያ ቀን በኋላ ጽሑፍ አልቀበል አለ። ፌቨን አምጥታ ሰጠችኝ። «የኔታ፣ ልጣለው?» አለችኝ። አትጥይው አልኳት። ያ ነገር የፈራሁት እንዲመስለው አልፈለግሁም። በክር አንጠልጥዬ ከመስኮቴ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። ከምንም ጋር አልተሰካም። ገመድ የለውም፤ ባትሪ የለውም።

ቀትር ሲደርስ መጽሐፌን ይዤ ከፊቱ እቀመጣለሁ። በየዕለቱ።

ጥላዬ ከወንበሬ ሥር ይገባል። በደጅ ያሉት ወፎች ዝም ይላሉ።

እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ። ስጨርስ እደግመዋለሁ።

ፍላሹም በክሩ ላይ ተንጠልጥሎ መብራቱ ይበራል... ብልጭ... ብልጭ... አንድ ሰው ሳይቸኩል እየጻፈበት እንዳለ።

ከሥሩ፣ በደረቀው የመስኮት ደፍ ላይ፣ ጠብ... ይላል ውኃው።