ዐብዱልዓዚዝ ለምን ተቀየረ?

ጋሽ ክፍሉ የተገኘው በመልበሻ ክፍሉ ሻወር ቤት ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ ነው። የቱታው ዚፕ እስከ አንገቱ ተዘግቷል፤ የጫማው ክር እንደታሰረ ነው፤ የአሰልጣኝ ፊሽካው ደረቱ ላይ ተኝቷል። ከማጅራቱ የፈሰሰው ደም ወለሉ ላይ ካለው ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ቀጥኗል። የመግሪብ አዛን ካለቀ ገና ብዙ አልቆየም፤ ኢንስፔክተር ሳቢሪን ከቤቷ ስትጠራ ጾሟን ያፈጠረችበትን ቴምር እንኳ አኝካ አልጨረሰችም ነበር።

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ «አንሸራትቶት ይሆናል» አላት። «ወይም ደግሞ...» ብሎ በአገጩ ወደ ውጭ አመለከተ።

ውጭ ሰፈሩ በሙሉ ይጮኻል። «ጦልሃ ሸጠን! ጦልሃ ገደለው!»

ጦልሃ ጋሽ ክፍሉ የሚያሰለጥነው የደቻቱ ኮከብ በረኛ ነው። ደቻቱ ኮከብ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሽንፈት ያላየ፣ ሌላው ሁሉ በዕጣ እንዳይደርሰው የሚጸልይበት ቡድን ነው። ዛሬ ከሰዓት በኋላ በሰፈሮች ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ከመልካ ጀብዱ ልጆች ጋር ተጫወተ። ጥሎ ማለፍ ነው፤ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የመልካ ጀብዱ ልጆች አንድ ዓይነት ካልሲ እንኳ አልነበራቸውም። አንድ ለዜሮ አሸነፉና በመጡበት አይሱዙ ላይ እየዘፈኑ ተመለሱ። ኳሷ የገባችው በጦልሃ እግሮች መሀል ነው። ከጨዋታው በኋላ ወደ መልበሻ ክፍሉ ሲሄድ የታየውም እሱ ነው። ሕዝቡ ሁለቱን ደምሮ ፍርዱን ጨርሷል፤ የቀረው ድንጋይ መልቀም ብቻ ነበር።

ሳቢሪን ልጁን በፖሊስ መኪና አሳፍራ ወደ ጣቢያ ላከችው።

«አሰርነው ማለት ነው?» አለ ፖሊሱ።

«ደበቅነው ማለት ነው» አለችው።

ከዚያ ተመልሳ የሻወሩን ቧንቧ ከፈተች። ቧንቧው እንደ ሽማግሌ አሳለና ዝም አለ። የእጅ መታጠቢያውንም ሞከረች፤ ያው ነው። የዚያን ቀን የውሃው ፈረቃ የዚህ ሰፈር አልነበረም፤ ድሬዳዋ ያደገ ሰው ደግሞ የልደቱን ቀን ቢረሳ የውሃ ተራውን አይረሳም። ታዲያ ወለሉ በምን ራሰ? ተንበርክካ በባትሪ ስትፈልግ የውሃ መውረጃው ወንፊት ላይ አንዲት ነጭ ነገር አየች፤ የሎሚ ፍሬ ናት። አንስታ በወረቀት ጠቀለለቻት። በመልበሻ ክፍሉ ያለው የሲሚንቶ መቀመጫ ከዳር እስከ ዳር አቧራ ለብሷል፤ አንድ ጠርዙ ብቻ ተወልውሎ ንጹሕ ሆኗል።

በማግስቱ ጠዋት መጀመሪያ የሄደችው አዴ ሃዎ ዘንድ ነበር። አዴ ሃዎ በረመዳን የተጫዋቾቹን ማፍጠሪያ የምታዘጋጅ፣ ዳኛ የምትሳደብ፣ ለጋሽ ክፍሉም ማን የት እንደሚሰለፍ የምትመክር ሴት ናት። ዛሬ ዓይኗ አብጧል።

«ተቀመጪ አቦ! ቆመሽ አታስጨንቂኝ።» ድሬዳዋ ለማንም አንቱ አትልም፤ ለመርማሪም ቢሆን።

«አዴ፣ ትናንት ለማፍጠሪያ ምን ነበር?»

«ቴምር፣ ሳምቡሳ፣ ሾርባ። ውሃውን በበረዶ ሣጥኑ ሞልቼ፣ ሎሚ ጨምቄበት፣ መልበሻ ክፍሉ በር ጋ ጥላው ውስጥ አስቀመጥኩት። ዋላሂ፣ አዛን ሲል ክዳኑን ብንከፍተው ባዶ! ጠብታ የለም! ልጆቹ ምላሳቸው ደርቆ እርስ በርስ ሊባሉ። ተመልካቹ ጠጣው ብዬ የስንቱን እናት ሰደብኩ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።»

«የማፍጠሪያውን ምንጣፍ ያነጠፍሽው ከመልበሻ ክፍሉ ግድግዳ ኋላ ነው። የሰማሽው ነገር የለም?»

«ሰማሁ እንጂ። አንዱ ‹ለምን ቀየርከው? ለምን?› ይላል። ክፍሉ ‹ነገ እነግርሃለሁ› አለው።»

«ማን ነበር ጠያቂው?»

«ዋላሂ አላውቅም። ሜዳው ሁሉ እየጮኸ በየት በኩል ልለይ? ደሞ ማን ያልጠየቀ አለ? እኔ ራሴ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮኼያለሁ። ዐብዱልዓዚዝን የመሰለ አጥቂ ከዕረፍት መልስ ቁጭ! ጎል የሚፈልግ ሰው ጎል አግቢውን ያስወጣል?»

ሳቢሪን ከዚያ ወደ ጣቢያ ሄደች። ጦልሃ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ሲያዩት ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነው።

«ጋሽ ክፍሉ ጋ ለምን ሄድክ?»

«ይቅርታ ልጠይቀው። በሩ ጋ ስደርስ ጭቅጭቅ ሰማሁ። በኔ ምክንያት መሰለኝ፤ አፍሬ ወደ መስጂድ ሄድኩ።»

«ድምፁ የማን ነው?»

«አለየሁትም።»

«አንድ ስም ብትጠራልኝ እኮ ነገሩ ይቀልልህ ነበር።»

«ያላየሁትን ሰው ልጥራ? ጾመኛ ነኝ» አለና አንገቱን ደፋ። «እናቴ ሌሊቱን በሯን በቁም ሳጥን ደግፋ ነው ያደረችው አሉኝ። ስወጣ የት እገባለሁ? በዚህ ከተማ ጨዋታ የሸጠ ሰው ዳቦ የሚሸጥለት የለም።»

ይህ እውነት ነበር፤ ሳቢሪንም ታውቃለች። ፍርድ ቤት ነጻ ቢለው እንኳ ሰፈሩ አይለቀውም።

ሦስተኛው ኃይለየሱስ ነው፤ የቡድኑ ወጌሻ። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው። በዕረፍት ሰዓት ደግሞ ከጋሽ ክፍሉ ጋር ጥግ ይዘው በቁጣ ሲነጋገሩ ታይተዋል።

«አልተጣላንም» አለ። «ዐብዱልዓዚዝ መውጣት አለበት አልኩት፣ አስወጣው።»

«ምክንያቱ?»

«የልጁ ነው። እሱ ካልፈቀደ ከኔ አይወጣም። ክፍሉም ቃል ገብቶለታል።»

«በሰው ግድያ ተጠርጥረህም?»

«ተጠርጥሬም።»

ሳቢሪን ወደደችው። መውደዷን ግን ፊቷ ላይ አላሳየችም።

የመጨረሻው ምክትል አሰልጣኙ ናሁሰናይ ነው። አባቱ ቀደም ብለው ስለሞቱ ጋሽ ክፍሉ ነው ያሳደገው፤ ኳስም ያስተማረው እሱ ነው። እያለቀሰ ተቀበላት። እያለቀሰም በስልኩ የተቀረጸውን ጨዋታ አሳያት።

«እኔ ኳስ አላውቅም። ጠንካራው እንዴት ተሸነፈ?» አለችው።

«ጠንካራ በደካማ አይሸነፍም። አንድ ሰው ካላስደረገው በቀር።»

«ማን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ... ጦልሃ ይሆናላ።»

«ዐብዱልዓዚዝስ ለምን ተቀየረ?»

ናሁሰናይ ስልኩን አጠፋ። «እሱን የሚያውቀው ጋሽ ክፍሉ ነው።»

«አጠገቡ ነበር የተቀመጥከው። አልጠየቅከውም?»

«አልጠየቅኩትም።»

ሳቢሪን ቪዲዮውን ወደ ስልኳ አስልካ ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው፤ ከዚያ እንደገና አየችው። ስትጨርስ ሁሉንም መልበሻ ክፍሉ እንዲያመጡላት አዘዘች።

ከሰዓት በኋላ ተሰበሰቡ። አዴ ሃዎ፣ ኃይለየሱስ፣ ናሁሰናይና ዐብዱልዓዚዝ በሲሚንቶው መቀመጫ ላይ ተደረደሩ። ጦልሃ በሁለት ፖሊሶች መሀል ቆሟል። በአጥሩ ማዶ ሕዝቡ ስሙን እየጠራ ይሳደባል፤ በእያንዳንዱ ጩኸት የልጁ ትከሻ ይሸማቀቃል።

«ጋሽ ክፍሉ ሻወር ቤት ውስጥ አልሞተም» ብላ ጀመረች ሳቢሪን። «በቱታና በጫማ የሚታጠብ ሰው የለም። የሞተው እዚህ ነው፤ ጭንቅላቱ ይህን ጠርዝ መትቶ። የገፋው ሰው ጠርዙን ወልውሎ ሬሳውን ጎተተው። አንሸራትቶት እንዲመስልም ወለሉን አራሰው። ግን በምን? ቧንቧው ደረቅ ነበር።»

የሎሚዋን ፍሬ ከወረቀቱ አውጥታ መዳፏ ላይ አሳየቻቸው። አዴ ሃዎ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«የኔ ውሃ! ያረቢ፣ የልጆቼ ውሃ!»

«ያንቺ ውሃ ነው፣ አዴ። አሁን አስቡት። እኔም ጾመኛ ነኝ። ከሌሊቱ ምግብ፣ ከሰሁር ጀምሮ ጉሮሮው የደረቀ ሰው ያ ሣጥን ምን እንደሆነ ያውቃል። አዛን እንዳለ ቡድኑ በሙሉ ክዳኑ ላይ እንደሚረባረብም ያውቃል። ወንጀል የሚደብቅ ጾመኛ ሁሉም የሚጠብቀውን ውሃ አይደፋም፤ ባዶ መሆኑ ሲታይ ሰው ወዲያው ይጮኻላ! የደፋው ሣጥኑን እንደማንኛውም ውሃ ያየ ሰው ነው። ስለዚህ ጦልሃ አይደለም፤ አዴም አይደለችም፤ ዐብዱልዓዚዝም አይደለም። ረመዳን ያልጾሙት ሁለት ናቸው።»

ኃይለየሱስና ናሁሰናይ ሳይፈልጉ ተያዩ። እነሱ ሁዳዴ ይዘዋል፤ ግን ከሰዓት ላይ በልተው ጠጥተው ነበር ሜዳ የገቡት።

«ከሁለቱ ማን ነው? አዴ በግድግዳው በኩል ‹ለምን ቀየርከው?› የሚል ሰምታለች። ንቃ ተወችው፤ ምክንያቱም ያን ጥያቄ ከተማው ሁሉ ይጠይቅ ነበር። እኔ ግን የማይጠይቀው ማነው አልኩ። ኃይለየሱስ አይጠይቅም፤ ልጁን አስወጣው ያለው ራሱ ነው። መልሱን ያውቃል።» ወደ ናሁሰናይ ዞረች። «አንተ ደግሞ አልጠየቅኩም አልከኝ። ድሬዳዋ ሙሉ ‹ለምን?› እያለ ሲጮኽ፣ ከአሰልጣኙ ጎን የተቀመጠው ምክትል ብቻ አልጠየቀም? ውሸት የነገርከኝ በዚህ አንድ ነገር ነው፤ የዋሸኸውም ጥያቄው ያንተ ስለነበረ ነው።»

ናሁሰናይ መካድ የሚችል ሰው አልነበረም፤ ከትናንት ጀምሮ አንድ ሰው እንዲጠይቀው ይጠብቅ የነበረ ይመስላል።

«መግደል አልፈለግኩም» አለ። «ለምን ቀየርከው አልኩት። ነገ እነግርሃለሁ አለኝ። ነገ! ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነገ ምን ያደርግልኛል? ጀርባውን ሰጥቶኝ ሊሄድ ሲል ክንዱን ይዤ አዞርኩትና ደረቱን ገፋሁት።» ድንገት ብድግ ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ግን ሸጠን! እንደ አባቴ የማየው ሰው ሸጠን! ካልሆነ ጠንካራ ቡድን እንዴት ይሸነፋል?»

«ይሸነፋል» አለች ሳቢሪን። «ቪዲዮህን ወንጀለኛ ልፈልግበት ደግሜ አየሁት። ኳሷ ቀኑን ሙሉ ከእናንተ ጋር ናት። ሁለቴ የጎሉን ብረት መታችሁ። የነሱ በረኛ በፊቱም በጉልበቱም ይመልሳል። እነሱ በሙሉ ጎላቸው ላይ ተከምረው አንዲት አጋጣሚ ይጠብቃሉ። አንዴ አርቀው ለጉ፣ ኳሷ ጠጠር ላይ ነጠረች፣ ገባች። ይኸው ነው። በሊግ ቢሆን በሚቀጥለው ሳምንት ትክሱታላችሁ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ብርታታችሁ ይታያል። ጥሎ ማለፍ የሚቀጥለው ሳምንት የለውም። አሥር ጊዜ ብትገጥሟቸው ዘጠኙን ታሸንፋላችሁ። ትናንት አሥረኛው ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ጥፋተኛ የለውም፤ አንተ ግን ጥፋተኛ ካላገኘህ መተንፈስ አልቻልክም።»

«ዐብዱልዓዚዝስ?» አለ ናሁሰናይ። «እሱስ?»

አጥቂው እስካሁን ጫማውን እያየ ነበር። ኃይለየሱስ እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈ። «ካልፈለግክ አትናገር» አለው። ልጁ ግን ተነሳ።

«ልቤ ነው» አለ። «በዕረፍቱ ዓይኔ ጨለመ። ልቤ ይዘላል፣ ይቆማል። ኃይለየሱስ ደረቴን ዳስሶ ለኮች ነገረው። ከአዲስ አበባ ሊመለምሉኝ የመጡ ሰዎች ተቀምጠው ነበር፤ እንዳይሰሙ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅኩ። ኮች ‹ዋንጫው ይቅር፣ አንተ ኑር› አለኝ። ለማንም አልናገርም አለኝ። ‹ነገ ሐኪም ካየህ በኋላ ግን ለናሁሰናይ እነግረዋለሁ። ከሱ የምደብቀው የለኝም› አለኝ።»

 ናሁሰናይ ቁጭ አለ፤ የተቀመጠው የወለወለው ጠርዝ አጠገብ ነበር። ጋሽ ክፍሉ የቀጠረው ነገ ዛሬ ነው፤ መልሱም በተባለው ቀን ደረሰ። ሰውየው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ሲያለቅስ አዴ ሃዎ ልትሰድበው የከፈተችውን አፍ መልሳ ዘጋች።

ሳቢሪን የጦልሃን ክንድ ይዛ ወደ አጥሩ ወጣች። ጩኸቱ ተቀበላቸው። ከፊት ያለው ጎረምሳ በእጁ ድንጋይ ይዟል።

«ኢንስፔክተር፣ ማነው የሸጠን?»

«ማንም አልሸጣችሁም» አለች። «ተሸነፋችሁ።»

ሕዝቡ ስም ነበር የሚጠብቀው። ስም ሲያጣ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገባው። ጎረምሳው ድንጋዩን የት እንደሚጥለው ሳያውቅ ኪሱ ውስጥ ለመክተት ሞከረ፤ ጦልሃ በአጠገቡ አልፎ በሩ ጋ ወደምትጠብቀው እናቱ ሄደ። የከለከለው የለም።

አዛን ሲል አዴ ሃዎ የበረዶ ሣጥኗን ዛሬም ሞልታ አምጥታ ነበር። የመጀመሪያውን ኩባያ ለጦልሃ ሰጠች። ሁለተኛውን ይዛ ትንሽ ቆመችና በሰንሰለት ታስሮ የተቀመጠው ናሁሰናይ ወዳለበት የፖሊስ መኪና ሄዳ በመስኮቱ አቀበለችው። ናሁሰናይ ኩባያውን በሁለት እጁ ተቀበለ። ከታች የሰመጠችውን የሎሚ ፍሬ አየ። መኪናው እስኪንቀሳቀስ ድረስ ያዘው እንጂ አልጠጣውም።