ከባሕር ዳር እስከ ድሬዳዋ

«ትንሽ አሞታል በያት። ሌላ ነገር እንዳታወሪ» አለ ጋሽ ደምሴ፣ ስልኩን እያቀበላት።

ገሊላ ተቀበለችው። አባቷ መምህር እንደሻው ያረፈው ዛሬ ጠዋት ነው። ሐረር አቦከር ካለው ቤታቸው በር ላይ የእድር ሰዎች ድንኳን እየተከሉ ነበር። እሷ ግን እንባ የሚባል ነገር አልመጣላትም፤ ከራሷ እስከ እግሯ ደንዝዛለች። «ተቀመጪ» ሲሏት ትቀመጣለች፣ «ጠጪ» ሲሏት ትጠጣለች።

አጎቷ ደምሴ ቤት ውስጥ ውሸት አይወድም። ሰው የሞተ ቀን ግን ውሸት ደንብ ነው። ሩቅ ላለ ልጅ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ «አሞታል» ተብሎ ይጠራና፣ ሲደርስ ዘመድ ተሰብስቦ ያረዳዋል። አገር ምድሩ የሚያደርገው እንዲህ ነው።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምትማረው እህቷ ትዕግሥት ስልኩን አነሳች።

«አባባ ትንሽ አሞታል። ነይ» አለች ገሊላ፣ ከወረቀት ላይ እንደሚያነብ ሰው።

«ደሞ ጨጓራው ነው? አቦ፣ በርበሬ ተው ስለው መች ይሰማኛል!» ትዕግሥት ሳቀች። «ነገ ፈተና አለብኝ። ቅዳሜ በአውቶቡስ ተነስቼ እሁድ ማታ እገባለሁ። ንገሪው እሺ?»

«እሺ» አለች ገሊላ።

ቀብሩ ነገ ዓርብ፣ በስድስት ሰዓት ነው።

«ቅዳሜ ነው የምነሳው አለች» ስትለው ጋሽ ደምሴ ግንባሩን አሻሸ።

«እንግዲያው በጣም አሞታል በያት። ከፍ አድርጊው ትንሽ።»

«ምን ያህል ከፍ ላድርገው ጋሼ?»

«እኔ እንጃ!» ዓይኑ ቀላ። «እውነቱን ነግረናት ብቻዋን አውሮፕላን ውስጥ እያለቀሰች ትምጣ እንዴ? አይሆንም።»

ገሊላ ጓዳ ገባች። በረራዎቹን ስልኳ ላይ ፈልጋ በዘጠነኛ ክፍል ደብተሯ ጀርባ ጻፈች። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአየር ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ አንድ ሰዓት። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋም ያው ነው፤ ሌላ አንድ ሰዓት። ከድሬዳዋ ሐረር በመኪና አንድ ሰዓት ከምናምን። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሚነሳው አውሮፕላን ቦታ አለ። ትዕግሥት መሐል ላይ የምትጠብቀውን ጨምራ ስትደምረው፣ ሐረር የምትገባው ረፋድ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሆነ። ትደርሳለች።

አየር ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከማታውቀው ሰው ጎን ተቀምጣ ታለቅሳለች። እሁድ ከመጣች ደግሞ አባባ አፈር ከለበሰ ሁለት ቀን ይሆነዋል። ገሊላ ደግማ ደመረችው። ቁጥሩ ያው ነው።

በሩን ዘግታ ደወለች።

«ትዕግሥት፣ አጠገብሽ ማን አለ?»

«ሰላማዊት አለች፣ የዶርሜ ልጅ። ምነው?»

«ስልኩን ስጫት።»

ትዕግሥት አልሰጠቻትም። ሰው እንዲህ የሚጠየቀው መቼ እንደሆነ እሷም ታውቃለች።

«መቼ?» አለች።

«ዛሬ ጠዋት።» ገሊላ ደብተሩን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፤ ጽሑፉ አልታይ ብሏት በክንዷ ዓይኗን ጠረገች። «አሁን እስክሪብቶ ያዢ። ነገ በአንድ ሰዓት ትነሺያለሽ።»