ለጤና ቢሮ የተቀባው በር

የፖሊስ ኢንስፔክተሯ ዳሲቱ ለአቶ ገብረጻድቅ ከጤና ቢሮ ፈቃድ ልታጣራ የመጣች መስላው ነበር። እሷም አላረመችውም፤ ሰው በገዛ አንደበቱ እየሮጠ ሲመጣ መንገድ መዝጋት አትወድም።

ቃሊቲ፣ ከከባድ መኪና ጋራዡ ጀርባ፣ የአእምሮ ሕክምና ቤት ከከፈተ ወዲህ ሰፈሩ «ዶክተር» ይለዋል። ከትናንት በስቲያ አንዲት ታካሚው፣ የፋብሪካ ሠራተኛዋ ፍቅርተማርያም፣ ባደረችበት ክፍል በከሰል ጭስ ታፍና ሞታለች። የከሰል ምድጃውን ክፍሏ አስገብተዋል ተብለው የታሰሩት ዘበኛው ጋሽ ኩምሳ ናቸው።

ገብረጻድቅ ክፍሉን ሊያሳያት አስገብቶ በሩን ዘጋው። መስኮቱ በቆርቆሮ ተደፍኗል። ዳሲቱ ትንፋሽ አጠራት፤ ከበሩም አዲስ ቀለም ሸተታት።

«ታካሚ በራሱ ላይ እንዳይዘጋ ከውስጥ መቀርቀሪያ ኖሮን አያውቅም» አለ ደረቱን ነፍቶ። «መዝጊያው በውጭ በኩል ብቻ ነው፤ ቁልፉም ከኪሴ አይወጣም። ሙያው የሚያዘው ይህንኑ ነው።»

አመስግናው ወጣች። ጣቢያ ሄዳ ጋሽ ኩምሳን ስታነጋግር፣ ምድጃውን አቀጣጥለው ያስቀመጡት ዶክተሩ እንዳዘዛቸው በራሱ በዶክተሩ ቢሮ እንደሆነ፣ ታካሚዋ ክፍል ግን እንዳልገቡ ነገሯት። «ልጄ፣ ማን ያምነኛል?» አሉ። የሟች እህት ብዙወርቅ ደግሞ፣ ፍቅርተማርያም በዚያ ምሽት ደውላ፣ ሰውየው ስሙን የማይነግራትን መድኃኒት እየሰጣት ስለሆነ ነገ ጤና ቢሮ ሄጄ እጠይቃለሁ፣ ለእሱም ነግሬዋለሁ እንዳለቻት አስረዳች። ዳሲቱ ለጤና ቢሮ ደወለች። ገብረጻድቅ የሚባል ባለሙያ አልመዘገቡም።

ከሰዓት በኋላ ገብረጻድቅን፣ ብዙወርቅንና በፖሊስ የታጀቡትን ጋሽ ኩምሳን እዚያው ጠባብ ክፍል ሰበሰበቻቸውና የፖሊስ መታወቂያዋን አሳየች። የገብረጻድቅ ፊት አመድ መሰለ።

«ለፖሊስ የሰጡት ቃል ታካሚዋ ከውስጥ ቀርቅራ ነበር፣ በርግጫ ሰብሬ ገባሁ የሚል ነው» አለችው። ከቦርሳዋ መቀርቀሪያ አወጣች። «ተነቅሎ ወድቆ አገኘነው ብለው ያስረከቡን ይኸው። በርግጫ የተነቀለ ብሎን ይጣመማል፤ ይህ ግን በመፍቻ እንደወጣ ቀጥ ብሏል። ጠዋት ደግሞ ከጤና ቢሮ የመጣሁ መስዬዎት ያሉኝ፣ መቀርቀሪያ ኖሮን አያውቅም ነው። የብሎኑን ቀዳዳ ደፍነው ቀለም የቀቡትም ለዚሁ ነው። ለየመሥሪያ ቤቱ የየራሱን መልስ አዘጋጅተዋል፤ ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች በአንድ ሰው ጆሮ ይገናኛሉ ብለው አላሰቡም።»

ብዙወርቅ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

«መቀርቀሪያው በርግጫ ካልተነቀለ» አለች ዳሲቱ፣ «ከውስጥ የዘጋ የለም። በሩን የዘጋው ቁልፉ ከኪሱ የማይወጣው ሰው ነው። ከሰሉም የነበረው እሱ ቢሮ ነው። በማግስቱ ጤና ቢሮ ሄዳ ልትጠይቅ የነበረውም ስለ እሱ ነው።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከጋሽ ኩምሳ እጅ ፈታ። ሽማግሌው አንጓቸውን እያሹ ወደ በሩ ተጠጉ፤ መውጣት እንደሚችሉ ግን ገና አላመኑም።

ገብረጻድቅን ላብ አጠመቀው። «እባክዎ፣ ጠባብ ክፍል አይስማማኝም» አለ። «የጭንቀት በሽታ አለብኝ።»

«ማን መረመረዎት?» አለችው።