በአደባባዩ ላይ ሦስት ምት

ተራ አስከባሪው ፈንቴ የሞተው በጥቅምት ወር ፲፱፻፸፪ ዓ.ም.፣ አንድ ማክሰኞ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሸሕዲ ከተማ መሐል ነው። ጭልጋ አድሮ የመጣው የጎንደር አውቶብስ ወደ ኋላ ሲመለስ ከአዲሱ አደባባይ የሲሚንቶ ጠርዝ ጋር አጣበቀው። መርማሪው ሃምሳ አለቃ አምባው በስልክ ተጠርቶ ከመተማ በሎሪ ሲደርስ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። ሬሳው በሰሌን ተሸፍኖ አውቶብሱ ጥላ ሥር ተጋድሟል፤ ቀይ ባንዲራውን እንደጨበጠ ነው። አላፊ አግዳሚው ዘወር ብሎ ያይና መንገዱን ይቀጥላል። በዚያ ዘመን ሰው ሬሳ ማየት ለምዶ ነበር።

አምባውም ለምዷል። ከሁለት ዓመት በፊት ጎንደር ላይ በየጧቱ ከመንገድ ዳር የልጆች ሬሳ ሲያነሳ ከርሞ፣ ከዚያ ወዲህ ምግብ አይጣፍጠውም፣ ለቅሶ ቤት ቢሄድ እንባ አይመጣለትም። ፈንቴን ገልጦ ሲያይ አዘነ ብል እዋሻለሁ። ዓይኑ ግን ሥራ አልፈታም። የሬሳው ጀርባ ተጨፍልቋል፤ ደረቱ ግን ደህና ነው። ፈንቴ የሞተው ለአውቶብሱ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ሳለ ነው ማለት ነው።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ውባንተ፣ ላቡን እየጠረገ። «ሹፌሩ ቢሻው ሆን ብሎ ነው። ባለፈው ወር በስብሰባ ላይ ‹ይህ አደባባይ አንድ ቀን ሰው ይበላል› ብሎ ተናግሯል፤ ቃለ ጉባኤው አለ። የአብዮቱን አደባባይ ስም ለማጥፋት የተሸረበ አሻጥር ነው። አውቶብሱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ጎንደር ይመለሳል። እዚሁ ከተማ ያለው የሎሪ ሹፌር አዛናው ይነዳዋል፤ ቢሻው ታስሮ በዚያው ይሄዳል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። በአሻጥር ተጠርጥሮ ጎንደር ከሄደ ሰው ተመልሶ የመጣ ሸሕዲ እስካሁን አላየችም።

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት አለኝ ማለት ነው» አለ አምባው።

ስለ አደባባዩ ጥቂት ልናገር። ቀድሞ መንገዱ ከተማውን ቀጥ ብሎ ያቋርጥ ነበር፤ አውቶብሱም ወይዘሮ ባየሽ ምግብ ቤት ደጃፍ ቆሞ ያወርዳል፣ ይጭናል። በሐምሌ ግን ለአብዮቱ በዓል ሲባል መሐል ከተማው ላይ ክብ አደባባይ ተሠራ። መናኸሪያውም ከወንዙ ማዶ፣ የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ሄደ። ከተማውን ለማሳመር ነው የተባለው፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ክቡን የቀየሰው ሰው በላንድሮቨር ነበር የመጣው፤ ረጅሙ አውቶብስ በአንድ ጊዜ አይዞረውም። ባየሽ በር ላይ ቆሞ፣ አንዴ ወደ ኋላ ተመልሶ ነው የሚያልፈው። በቆመበት ታዲያ ማንም እንዳይወርድ፣ ማንም እንዳይሳፈር ተከልክሏል። ይህን የሚያስከብረው ፈንቴ ነበር።

አምባው መጀመሪያ ያነጋገረው ቢሻውን ነው። እጁ በገመድ ታስሮ የቀበሌው መጋዘን ወለል ላይ ተቀምጧል።

«በስፔኪዮ አላየኸውም?»

«አይታይም ጌታው። ከኋላ ያለው ጥግ ለኔ ጨለማ ነው። ረዳቴ ሽኩር ነው ዓይኔ። እሱ የአውቶብሱን አካል ሲመታ ነው የምንቀሳቀስ።»

«ስንት መታ?»

«ሦስት።»

«ሁለት አይደለም እንዴ ሂድ ማለት?»

«በመስመሩ ሁሉ አንድ ቁም፣ ሁለት ሂድ ነው። የኋላ ምልክት የለነም ነበር፤ ማን መንገድ መሐል ወደ ኋላ ይነዳል? ይኸ አደባባይ ሲመጣ ግዜ ሦስት ይሁን ተባባልን፤ እኔና ሽኩር። ለዚህ ቦታ ብቻ።»

«የሽኩር አመታት ነበር?»

ቢሻው አሰበ። «ድምፁ ደረቅ ነበር። የሱ መዳፍ ጧ ይላል። ግን ደክሞኝ ነበር፤ ሦስት ሰማሁ፣ ሄድሁ።» ከዚያ ግድግዳውን እያየ «ቢያስሩኝም ግድ የለኝ፤ ልጆቸ ናቸው እንጅ። አራት ናቸው» አለ።

ሽኩር የሃያ አምስት ዓመት ሰው ነው፤ መተማ ተወልዶ ያደገ፣ ግማሽ ንግግሩ ከሱዳን ነጋዴ የለመደው። ከሬሳው ራቅ ብሎ ጎማ ላይ ተቀምጦ አገኘው።

«እኔ ጣራው ላይ ነበርሁ፤ የጭነቱ ፖርቶመጋላ ላይ። ያ ጠርዝ ሲያንገጫግጨን ጭነቱ ሁሌ ይላላል። ሁለት አጫጆች ገመዱን ጫፍና ጫፍ ይዘውልኝ ሳስር፣ ከታች ሦስት ጊዜ ሲመታ ሰማን። ‹እኔ አይደለሁም! ቁም!› ብየ ጮህሁ። ሞተሩ እያጓራ ማን ይስማኝ። ኸላስ፣ አለቀ።»

«ፈንቴ ለምን ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ?»

«ወትሮም እንዲያ ነው። ከመተማ የሚመጣ ሎሪ እንዳይገጨን በባንዲራው መንገዱን ይዘጋል። እኔ መጀመሪያ ‹ፈንቴ ውጣ!› እለዋለሁ። ዘወር ይላል። ከዚያ ነው የምመታው። ዛሬ ውጣ ያለው የለም።»

ገመዱን ይዘው የነበሩት አጫጆች ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የወረዱ ናቸው፤ ቃላቸው ከሽኩር ቃል አንድ ሆነ። አምባው አውቶብሱን ዞረ። የቆላው አቧራ ጣት ያሰምጣል። ከኋላ፣ በሰው ትከሻ ቁመት፣ የሽኩር መዳፍ ደጋግሞ ያረፈበት ቦታ ይታያል። ከዚያ በታች፣ ወገብ ላይ፣ ሦስት አዲስ ምልክቶች አሉ። የመዳፍ አይደሉም። እያንዳንዳቸው የአውራ ጣት ጫፍ ያህላሉ፤ መሐላቸው ላይ አቧራው በቅባት ረጥቧል። አሸተተው። በርበሬ ይሸታል።

የሎሪ ሹፌሩ አዛናው ምልክቱን ሲያይ ሳቀ። ፈንቴ ባለፈው ሳምንት በባንዲራው ዘንግ ፊቱን ሰንጥቆት ነበር፤ ቁስሉ ገና አልደረቀም።

«እኔን ነው እንዴ የጠረጠሩ? ጠልቸዋለሁ፤ አልዋሽም። ሲሞት ግን ሎሪየ ሥር ገብቸ ዘይት ሳፈስ ነበር። ያየኝ የለም፤ ቢኖርም እንጃ ነው የሚል፤ እንጃ ማለት ሆኗል ያገሩ ሰላምታ።»

ጓድ ውባንተም በሰዓቱ ብቻውን ቢሮው ነበር። ፈንቴ ግን ሰሞኑን «አውቶብሱን እንደ ቀድሞው እናቁመው፤ ሕዝቡ ተቸገረ» እያለ ያስቸግረው እንደነበር በራሱ አፍ ተናገረ። «ይህን ስል የምጠረጠር አይመስለኝም» ብሎ ጨመረበት።

«ሁሉም ይጠረጠራል፣ ጓድ ሊቀመንበር» አለ አምባው፤ ድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም።

ሰባት ተኩል ላይ ባየሽ ምግብ ቤት ገባ። ድሮ የሰሊጥ አጫጅ ይጋፋበት በነበረው ቤት አንድ ሰው የለም። ባየሽ ፀጉሯን ተላጭታ፣ ከል ለብሳ፣ ሽሮ በእንጀራ አቀረበችለት። ሃምሳ ዓመት ይሆናታል። ከግድግዳው ጋር አንድ ቃሬዛ ተደግፎ ቆሟል።

«ማን ሞቶብዎት ነው?»

«ልጄ። አየሁሽ ትባላለች። አርባዋ ትናንት ወጣ።»

«እግዜር ያጥናዎት። ምን አግኝቷት?»

«ምጥ» አለችና ወደ ጓዳ ተመለሰች።

አምባው ጎረሰ። ሽሮው እንደ ወትሮው አልጣፈጠውም። ጥርሱ መሐል ግን አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። እንደገና ጎረሰ፤ አሁንም አሸዋ ነው። ማኘኩን ትቶ ጓዳውን ተመለከተ። ድስቱ ላይ ማማሰያ ተጋድሟል፤ ጫፉ ድቡልቡል፣ የአውራ ጣት ያህል። ባየሽ ዞር ስትል፣ እጁን ሳይታጠብ ማማሰያውን ደብቆ ያዘ። ከዚያ ወጥቶ ሽኩርን አንድ ጥያቄ ጠየቀው፤ ሽኩርም መሬት መሬቱን እያየ መለሰለት።

ስምንት ተኩል ላይ ሁሉንም አውቶብሱ ጀርባ ሰበሰባቸው፦ ውባንተን፣ አዛናውን፣ ሽኩርን፣ ባየሽን። ቢሻውን እንደታሰረ የሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጠው።

«ፈንቴን የገደለው ጎማ አይደለም፤ ምት ነው» ብሎ ጀመረ። «ሦስት ምት። ሽኩር ላይ ነበር፤ ሁለት እማኝ አለው። ስለዚህ ሌላ ሰው መታ። አሁን እያንዳንዳችሁ አውቶብሱን ወደ ኋላ ላኩልኝ። ቢሻው የሰማኸውን ትናገራለህ።»

ውባንተ «ይህ ቀልድ ነው» ቢልም ቀርቦ ሁለት ጊዜ መታ።

«ወደፊት» አለ ቢሻው ከውስጥ።

አዛናውም ሁለት መታ።

«ወደፊት።»

«ሎሪ ላይ በአፍ ነው ተመለስ የምንባባል» አለ አዛናው።

አምባው ራሱን ነቀነቀ። «ሦስት ወደ ኋላ መሆኑን ቃለ ጉባኤ አልጻፈውም። ሁለት ሰዎች ለዚህች አንዲት ጥግ ያወጧት ምልክት ናት። የሚያውቃት ሦስት ወር ሙሉ፣ አውቶብሱ በመጣ ቁጥር፣ ደጃፉ ላይ የሰማት ሰው ብቻ ነው። ጓድ ሊቀመንበር፣ አደባባዩን እርስዎ አሠሩት፤ ምን ድምፅ እንዳለው ግን አያውቁም። ደግሞ የመታው ሰው እጅ ባዶ አልነበረም። ከእሳት ዳር የተነሳ ሰው ነው፤ የበርበሬ ቅባት ትቷል። የአውቶብሱ አቧራ ደግሞ ተመልሶ ወጥ ውስጥ ገብቷል፤ እኔው በልቸዋለሁ።»

ማማሰያውን ከጀርባው አወጣ። ቀጥሎ የሚለውን ገና ሳይናገር ባየሽ መጥታ ከእጁ ወሰደችው። ሳትቸኩል ወደ አውቶብሱ ተጠግታ ሦስት ጊዜ መታች። ድምፁ ደረቅ ነበር።

ቢሻው ወንበሩ ላይ ቀና አለ። «ይኸው ነው፤ የጧቱ ይኸው ነው» አለ።

«ወይዘሮ ባየሽ፣ ለምን ዝም አሉ?» አለ አምባው።

«ማን ጠየቀኝ? ስትመጣ የጠየቅኸኝ ማን ሞተብሽ ብለህ ነው። እሱን ነገርሁህ።»

«ጓዲት ባየሽ!» አለ ውባንተ።

«የቀረውን ሽኩር ነገረኝ» አለ አምባው። «ከአርባ ቀን በፊት ልጅዎ ደም እየፈሰሳት በዚያ ቃሬዛ ይዘዋት ወጡ። አውቶብሱ እዚሁ፣ ከቤትዎ በር ሦስት እርምጃ፣ ቆሞ ነበር። ፈንቴ ባንዲራውን ዘርግቶ ‹እዚህ መሳፈር ክልክል ነው፤ መናኸሪያ ሂዱ› አለ። ቢሻውም በሩን አልከፈተም። ወንዙን ሳትሻገሩ አውቶብሱ ሄደ።»

«እሷም» አለች ባየሽ። «ወንዙ ላይ ነው እሷም።»

ሽኩር ፊቱን ሸፈነ። አዛናው ሊሄድ ተነሳና መልሶ ቆመ።

«ፈንቴ እኮ ተጸጽቶ ነበር። እንደ ቀድሞው ይቁም እያለ ለመነኝ» አለ ውባንተ፤ ሳያስበው።

ባየሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። «አልሰማሁም» አለች። ማማሰያውን በነጠላዋ ጠርጋ «ብሰማም እንጃ። ዛሬ ጧት ሽሮ እያማሰልሁ ሞተሩን ሰማሁ። ሽኩር ከላይ ነው። ፈንቴ ጀርባውን ሰጥቶኛል። ቢሻውም ወንበሩ ላይ ነው። ሁለቱም በአንድ ቦታ ነበሩ። መትቸ ገባሁ። ይሻለኛል ብየ ነበር። ምንም አልሆነልኝ» አለች።

አምባው ይህን አባባል ያውቀዋል፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ በየቀኑ ለራሱ የሚለው ነው። የቢሻውን ገመድ ፈታ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ነው።

«ጎንደር ይሂዱ» አላት። «እኔም አብሬ እሄዳለሁ። እጅዎን አላስርም።»

ቢሻው የእጁን ቁስል እያሻሸ ወንበሩ ላይ ቆየ። ከዚያ ከውስጥ እጀታውን ጎትቶ በሩን ከፈተ። አደባባዩ ከተሠራ ወዲህ አውቶብስ እዚያ ቦታ በሩን ሲከፍት የመጀመሪያው ነበር።

«እዚህ ማሳፈር…» ብሎ ጀመረ ውባንተ። ማንም አላየውም። ቃሉን ሳይጨርስ ተወው።

ባየሽ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ አውቶብሱ ላይ ወጣች። ቢሻው ሊያያት አልቻለም። በመስኮቱ በኩል የራሷን ክፍት በርና ከውስጥ ግድግዳ ላይ የተደገፈውን ቃሬዛ እያየች ከፊተኛው ወንበር ተቀመጠች።

«መሳፈር ይችው ናት» አለች። «ደቂቃም አልፈጀች።»

ሽኩር ወደ አውቶብሱ ጀርባ ሄደ። መዳፉን አንስቶ፣ በልማዱ «ፈንቴ ውጣ!» ብሎ ጮኸ። የሚወጣ አልነበረም። ራሱ ዞሮ ኋላውን አየና ሦስት ጊዜ መታ።