ከጥርስ ጀርባ ያለፈችው ፊደል

መጀመሪያ ቀን ሲመጣ ያየሁት ጆሮውን ነው። የሥራ ልማድ ሆኖብኝ። መኪና ቀለም ቀቢ ነውና ከግራ ጆሮው ጀርባ ነጭ የቀለም ጠብታ ደርቆ ነበር።

«ዶክተር፣ ልጄን...»

«ዶክተር አይደለሁም። መስማትና መናገር የሚቸግራቸውን ልጆች ነው የማማክረው።»

«ታዲያ ምን ልበልዎት?»

«ዝም ቢሉስ?»

«ዝምታማ እቤት ሞልቶናል» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ቶሎ ከሰመ። ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነበር።

ልጁ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ድንቡሼ ነው የሚላት። በመስሚያ መሣሪያ ትንሽ ትሰማለች። ያቺም ትንሽ በየምርመራው ትቀንስ ነበር። ስለዚህ ከንፈር ማንበብ ጀመርን። የክፍሌ ግድግዳ በአንድ በኩል መስታወት ነው፤ በኮሪደሩ የሚያወሩ ሰዎችን አፍ እያየች የሚሉትን ትነግረኛለች።

ስምንት ወር እንዲህ አለፈ። እሱ ከቀጠሮው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መምጣት ጀመረ። እኔም ፀጉሬን መሠራት ጀመርኩ። ማናችንም ምንም አላልንም።

አንድ ቀን ከመስታወቱ ማዶ ስልክ ያወራል። ዓይኑ እኛ ላይ ነው። ድንቡሼ አፉን አተኩራ አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«አባዬ... እወዳታለሁ... አለ።»

«ማንን?»

በጣቷ ደረቴን ነካችው።

ከንፈር ሁሉንም አይናገርም፤ አንዳንዱ ፊደል ከጥርስ ጀርባ ተደብቆ ያልፋል። ይህን ለወላጆች ሁሉ የምነግረው እኔ ነኝ። ያን ቀን ግን ረሳሁት። መርሳት ፈለግኩ ብል ይቀላል።

ልጅቷ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ስታጠልቅ በሩ ጋ አገኘሁት።

«እኔም» አልኩት።

«እርስዎም ምን?»

«ቅድም በስልክ ያሉትን ድንቡሼ ነገረችኝ። እኔም... እወድዎታለሁ።»

እጁ የበሩ እጀታ ላይ ቀረ።

«እኔ እኮ ታላቅ እህቴን ነው ያናገርኳት» አለ ቀስ ብሎ። «‹በቃ እወስዳታለሁ› ነው ያልኩት። የምልክት ቋንቋው ትምህርት ቤት እሷ ያለችበት ከተማ ነው። እርስዎ አይደሉ የጻፉልኝ?»

እኔ ነኝ። «የቀረው የመስማት አቅሟ በቅርቡ ይጠፋል፤ ዘንድሮ መጀመር አለባት» ብዬ ፈርሜያለሁ። በመካከሉ የጠፋችው አንዲት «ስ» ብቻ ናት።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አይፈሩ» አለኝ። «ቃሉን ተሳሳተች እንጂ ሐሳቡን አልተሳሳተችም።»

ሁለታችንም አየናት። ቀኝ እግሯን የግራው ጫማ ውስጥ ለማስገባት ትታገላለች።

«ቅሩ ካሉን እንቀራለን። አንድ ዓመት ምን አላት?»

ዘግይተው የመጡልኝን ልጆች አውቃቸዋለሁ። በአሥር ዓመታቸው ሲያማቸው የት እንደሚያማቸው መናገር አይችሉም፤ ያለቅሳሉ ብቻ።

«ይውሰዷት» አልኩ።

«እርስዎስ? አይመጡም?»

«አሥራ ዘጠኝ ልጆች አሉኝ። እዚህ ከኔ ሌላ አማካሪ የለም።»

«ልጠብቅዎት?»

«አይጠብቁ።»

ተንበርክኮ ጫማዋን አስተካከለላት። ማሰሪያውን ሁለቴ ቋጠረ፤ ፈታ፤ እንደገና ቋጠረ።

«በሉ፣ ሌላ ልጅ እየጠበቀኝ ነው» አልኩ።

ኮሪደሩ ላይ ማንም አልነበረም። እሱም አየ።

«እሺ፣ አይዘግዩበት» አለኝና የድንቡሼን እጅ ይዞ ወጣ።