የመምህር ዘውገ ሠላሳ አንድ ሬዲዮኖች

አመተማርያም ሰው በቀላሉ አታምንም። ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ ክሊኒክ ላብራቶሪ ስትሠራ ስድስት ዓመቷ ነው። ኩልል ያለ ውሃ ውስጥ የሚርመሰመሰውን ሁሉ ስታይ የኖረች ልጅ፣ ከላይ ሲያዩት ያማረ ነገር ቢያስጠረጥራት አይፈረድባትም። በዚያ የየካቲት እሑድ ከቅዳሴ መልስ የአባቷን መደርደሪያ ቀና ብላ አየችና፣ ምን እንደነካት ሳታውቅ መቁጠር ጀመረች። ሃያ ስምንት ላይ ቆመች። ሬዲዮኖቹ ሠላሳ አንድ ነበሩ።

ደግሞ የሦስቱ ቦታ ባዶ አልነበረም። የቀሩት ተጠጋግተው ክፍተቱን ሸፍነውታል። የከነከናትም ይኸው ነው፤ ሬዲዮ በራሱ እግር አይጠጋጋም።

«አባባ፣ ሬዲዮኖቹ ጎድለዋል እኮ!»

መምህር ዘውገ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ቀና አሉ። «ጥላዬ ሊጠግናቸው ወስዷቸው ነው። ምን ያስጮህሻል?»

«ሦስቱንም ባንዴ?»

«ሦስቱም ባንዴ ታመሙ፤ ምን ይደረግ?» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

መምህር ዘውገ በፋርጣ ገጠሮች ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተምረዋል። ያኔ ትምህርት በሬዲዮ ይሰጥ ነበርና ልጆቹን በአንዲት ሬዲዮን ዙሪያ ሰብስበው ሲያስተምሩ ፍቅሯ ገባባቸው። በኋላ ሰው ሁሉ ሞባይል ሲይዝና አሮጌ ሬዲዮኑን ሲጥል እሳቸው መሰብሰብ ያዙ። አንዱን ለምነው፣ ሌላውን በእህል ለውጠው አመጡ። እያንዳንዱን ገልብጠው ከሥሩ ከማን ቤት እንደመጣ፣ ዓመተ ምሕረቱን በግዕዝ ቁጥር ጻፉበት። ሟች ባለቤታቸው፣ «ሰው ላም ያረባል፣ የኔው ሰውዬ ሬዲዮን ያረባል» እያሉ ይስቁባቸው ነበር።

ጥላዬን ወደዚህ ቤት ያመጣችው ራሷ አመተማርያም ናት፤ እንግዲህ የሚያንገበግባትም ይኼ ነው! ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ እንደ ጉድ ሲወርድ፣ ዝም ያለች አንዲት ሬዲዮን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ገበያው ዳር ካለች የሞባይል መጠገኛ ሱቅ ሮጣ ገባች። ጠጋኙ ወጣት ቀና ብሎ አየና በጭንቀት፣ «ሕፃኑን ምን ነካው?» አላት። አመተማርያም ሳትወድ በግድ ሳቀች። ነጠላውን ስትገልጠው እሱ አልሳቀም። ሬዲዮኗን በሁለት እጁ ተቀብሎ ጆሮውን ለጠፈባት።

ጥላዬ ዲያቆን ነበር፤ የቄስ ትምህርቱን ትቶ ነው ጥገና የገባው። ንግግር አያበዛም። ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው ሬዲዮኖቹን ሊያይ ቤታቸው ይመጣ ጀመር። መፍቻውን እሷ ስታቀብለው ጣቶቹ ጣቶቿን ሳይነኩ ለመቀበል ሲጠነቀቅ፣ ጥንቃቄው ራሱ ከመነካት ይብስባት ነበር። በጥር ወር አንድ ቀን እስከ በር ስትሸኘው፣ «አመቴ፣ ልብሽ እሺ ካለ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ልላክ?» አላት። «ላስብበት» አለችው። እውነቱን ለመናገር ስታስብበት የቆየችው ከሐምሌ ጀምሮ ነው፤ እሺ የምትልበትን ቀን ብቻ ነበር የምትመርጠው።

አሁን ግን ሦስት ሬዲዮን ጎደለ።

ጎረቤቷ እትዬ ዝናሽ ወሬውን ሲሰሙ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። «ውይ ልጄ! አዲስ አበባ ያሉ ሆቴሎች አሮጌ ሬዲዮን ለጌጥ ይፈልጋሉ አሉ። ልጁ የሚመጣው ለአንቺ ነው ለሬዲዮኑ? ጠርጥር፣ ከገንፎ መካከል አለ ስንጥር ሲባል አልሰማሽም?»

«እሱ እንደዚያ ያለ ሰው አይደለም።»

«እሱ እንደዚያ ያለ ሰው ባይመስልማ ማን በር ይከፍትለታል?»

ነገሩ ልቧ ውስጥ ገባ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቆጠረች፤ ሃያ ሰባት። በሳምንቱ ሃያ አምስት። የተወሰደው አንዱም አልተመለሰም። ሰኞ ከሥራ ስትወጣ ሱቁ ሄደች። ሰላም ሳትለው ዓይኗ መደርደሪያውን ዳበሰ። የተፈታታ ሞባይል እንጂ ሬዲዮን የሚባል የለም።

«የአባቴ ሬዲዮኖች የታሉ?»

ጥላዬ መበየጃውን አስቀመጠ። እጁ ሳያውቀው አንገቱ ላይ ወዳለው ማተብ ሄደ። «አልሰረቅሁም አመቴ።»

«ሰረቅህ አላልኩም። የታሉ ነው ያልኩት።»

«ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ። በማርያም!»

«አባቴን ስጠይቃቸው ታመሙ ይሉኛል፤ አንተን ስጠይቅህ ማርያምን ትጠራብኛለህ። እኔን ምን አድርጋችሁ ነው የምታዩኝ?»

ጥላዬ መበየጃውን መልሶ አነሣ።  ውጭ አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን እያስጮኸ አለፈ። አንዲት ቃል ቢናገር፣ ውሸትም ቢሆን፣ ልታምነው ዝግጁ ነበረች፤ ግን አልተናገረም።

«እንግዲያው ሽማግሌ የተባለው ነገር ይቅር» አለች።

ፊቱ አመድ መሰለ። እሷም እስከ አስፋልቱ ድረስ ጀግና ሆና ሄደችና ከዚያ በኋላ እንባዋ አሸነፋት።

ቅዳሜ ደረሰ። መናኸሪያው በሰው ተሞልቷል። ጥላዬ ከቤታቸው የማዳበሪያ ጆንያ ይዞ ሲወጣ በመስኮት አይታው ነበር። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ እሱ የተሳፈረበት ሚኒባስ የመጨረሻ ወንበር ላይ፣ ዶሮ በታቀፈች ሴት ጀርባ ተሸሸገች። ዶሮዋ እየዞረች ስታያት እንኳ ያጋለጠቻት መሰላት። ዛሬ እጅ ከፍንጅ ትይዘዋለች። ከያዘችው በኋላ ምን እንደምታደርግ ግን አላሰበችበትም።

ገሳይ ላይ ወረደ። ከጉና የሚወርደው ነፋስ ፊት ይገርፋል። የታጨደውን የገብስ ማሳ አቋርጦ ወደ አንዲት ቆርቆሮ ቤት ሲያመራ በሩቁ ተከተለችው። ከአጥሩ ኋላ ተደግፋ በቀዳዳው ስታይ አንዲት አሮጊት ወጡ። ጥላዬ ከጆንያው ቀይ የቆዳ ልብስ ያላት ሬዲዮን አወጣ። ታውቃታለች! ከላይ ካለው ረድፍ በስተግራ ሦስተኛዋ ናት። አሮጊቷ ተቀበሉ፣ ሳሙ፣ ጓዳ ገቡ፤ ተመልሰው ወጥተው በባዶው ጆንያ ድንች ይሞሉለት ጀመር።

ከዚህ በኋላ አመተማርያም አልቻለችም። በሩን በርግዳ ገባች። «በድንች! የአባቴን ሬዲዮን በድንች!»

ውሻው ጮኸ። ጥላዬ ያነሳው ጆንያ ከእጁ አመለጠና ድንቹ ደጁን ሞላው።

«ውይ በሞትኩት! ይቺ ደግሞ የማን ናት?» አሉ አሮጊቷ።

«የዘውገ ልጅ ነኝ! ንብረታቸው የሚዘረፈው የመምህር ዘውገ ልጅ!»

አሮጊቷ እማማ መሠረት ይባላሉ። አፍጥጠው አዩዋትና ድንገት እጃቸውን ዘርግተው ጉንጮቿን እያገላበጡ ሳሟት። «የዘውገ ልጅ! አንቺው ነሽ? ምን ዘረፋ አለ ልጄ? ይቺ ሬዲዮን የባሌ ነበረች። በዚያ በክፉው ዓመት ዘውገ ስንዴ ጭኖ መጣልኝ። በነጻ አልቀበልም ብዬ አስቸገርኩት። እንግዲያው ሬዲዮኗን ስጪኝ አለና ወሰደ። ልጆቼ ያን ሰሞን በሉ። አሁን ደግሞ ከመሞቴ በፊት ሁሉም ከየቤቱ ይግባ ብሎ ላከልኝ። ድንቹም ለእሱ ነው፤ ጾም አይደል?»

«ከምን በፊት?» አለች አመተማርያም።

«ሐኪሙ ልቡ ደክሟል ብሎ ቁርጡን ነግሮት የለ? እኔማ መጥቼ ባየው ደስ ባለኝ፤ ይኼ እግሬ እምቢ አለኝ እንጂ። አንቺስ በርቺ ልጄ።»

አመተማርያም አጠገቧ ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። የሰው ደም ስታይ የምትውል ልጅ የአባቷን እግር ማበጥ አላየችም። ደረጃ ሲወጡ መቆማቸውን፣ ማታ ማታ ሦስት ትራስ መደረባቸውን አላየችም። ሬዲዮን ስትቆጥር!

«ታውቅ ነበር?» አለችው።

 ጥላዬ ማተቡን ጨበጠ።

እማማ መሠረት አንዴ እሱን አንዴ እሷን አዩ። «ምነው ልጄ፣ ተገዝተሃል እንዴ?»

አንገቱን ደፋ። ያኔ ነገሩ ለአመተማርያም ገባት። አባቷ የነፍስ አባታቸውን አባ ይሻውን አስጠርተው አስገዝተውታል፤ ለልጄ ትንፍሽ እንዳትል ብለው። ዲያቆን የነበረ ሰው ደግሞ ግዝት ጥሶ ከሚናገር ምላሱን ቢነክስ ይመርጣል። በሌብነት ሲጠረጠር፣ ሽማግሌው ይቅር ሲባል፣ ያን ሁሉ የቻለው በዚህ ነው።

«ሌባ ብትሆን ይሻለኝ ነበር» አለች። «እግዜር ያውቃል፣ ሌባ ብትሆን ይሻለኝ ነበር!»

«እኔም እንደሱ ብዬ ነበር» አለ ጥላዬ በመጨረሻ። «ይህን ከምትሰሚ እኔን ብትጠዪኝ ይሻላል ብዬ ነበር።»

ተንበርክኮ ድንቹን መልቀም ጀመረ። ትንሽ ቆይታ እሷም አጠገቡ ተንበረከከች። አንዷን ድንች ሁለቱም ሲይዙ በዚህ ጊዜ እጁን አላሸሸም።

ቤት ስትገባ ጆንያውን አባቷ እግር ሥር አስቀመጠች። «እማማ መሠረት ልከውልዎት ነው።»

መምህር ዘውገ ጆንያውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። «ጥላዬ ነገረሽ?»

«አልነገረኝም። አባ ይሻውን ያስጠሩና ይፍቱት፤ ልጁ በዝምታ ሊሞት ነው።» ከዚያ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «ለምን ደበቁኝ አባባ?»

«እናትሽ ቀሚሶቿን አድላ በሳምንቱ ስትሞት የሆንሽውን አይቻለሁ። ሦስት ቀን እህል አልቀመስሽም። ኑዛዜ ልጻፍ ያልኩሽ ጊዜስ ወረቀቱን ከእጄ ነጥቀሽ አልቀደድሽውም? እኔ ደግሞ ሬዲዮኖቼ ለቆራሌው በኪሎ ሲሸጡ ከመቃብር ሆኜ ማየት አልፈልግም። አንዱ መሥሪያ ቤትም እንውሰዳቸው ብሎኝ ነበር፤ መጋዘን ውስጥ አይጥ ሊወልድባቸው! ቤታቸውን ያውቃሉ፤ ቤታቸው ይግቡ።»

አለቀሰች። እሳቸው ራሷን እየዳበሱ ጠበቋት። ሲበቃት ተነሥታ ከመደርደሪያው አንዷን አወረደች፤ ገልብጣ ከሥሯ ያለውን ጽሑፍ አየች።

«ይቺስ የማን ናት?»

መምህር ዘውገ መነጽራቸውን ፈለጉ። «የጋፋቱ ኪዳኔ። እሱ እንኳ ሞቷል፤ ልጁ አለ።»

«ቅዳሜ እንወስድለታለን።»

«እናንተ ማን ማን ናችሁ?»

«እኔና ጥላዬ» አለች፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

አባ ይሻው መጥተው ጥላዬን ፈቱት። ቢፈቱትም ያው ንግግር አላበዛም። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ሁለቱ ጆንያ ይዘው ወጡ፤ እሷ ከሥሩ የተጻፈውን ታነባለች፣ እሱ ባለቤቶቹ ፊት ከፍቶ ያሰማል። ማታ አባቷ በየቤቱ የተባለውን አንድ በአንድ አስወርተው ይሰማሉ። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ተላከ። መምህር ዘውገ ትራስ ተደግፈው፣ «ልጅቱን ጠይቋት፤ እኔማ ከሐምሌ ጀምሮ አውቃለሁ» ብለው ሽማግሌዎቹን አሳቁ።

ግንቦት ላይ መደርደሪያው ላይ አንዲት ሬዲዮን ብቻ ቀረች። በዝናብ ቀን በነጠላ የተጠቀለለችው ናት። አመተማርያም ብትገለብጣት ከሥሯ ምንም አልተጻፈም።

«ይቺኛዋ የማን ናት አባባ?»

«በመጀመሪያ ደመወዜ ከሱቅ የገዛኋት ናት። ከማንም ቤት አልመጣችም፤ ስለዚህ የምትመለስበት የላትም። እናንተ ቤት ከሠራችሁ እዚያ ትቀመጥ።»

«ካልሠራንስ?»

«ለቆራሌው!»

በዚያው ወር በቁርባን ተጋቡ። ድግስ አላበዙም። መምህር ዘውገ ሐምሌ ሲገባ አረፉ።

ወደ ለቅሶው ድንኳን ሰው እንደ ጉድ ጎረፈ። በሦስተኛው ቀን እማማ መሠረት በልጃቸው በቅሎ ከገሳይ መጡ። አመተማርያም አጠገብ ተቀምጠው ካለቀሱ በኋላ፣ «ሬዲዮኔን ዘግቻታለሁ ልጄ። እስከ አርባው አልከፍታትም» አሏት። ከወዲያ ማዶ የተቀመጠው የጋፋቱ የኪዳኔ ልጅ ይህን ሰማና፣ «እኛም ዘግተናል» አለ። አንዲት ሴት ከኋላ፣ «እኛም» አለች። ሌላው ቀጠለ። ማንም ያዘዛቸው የለም፤ ሐዘን ባለበት ቤት ሬዲዮን አይከፈትም፣ እነሱም ሐዘንተኛ ነን ማለታቸው ነው። አመተማርያም በእንባዋ መካከል ልክ እንደዚያ እሑድ መቁጠር ጀመረች። በሰባቱ ቀን ሠላሳ ሞላ። አንድም አልጎደለም።

በአርባው፣ ተዝካሩ ተበልቶ ሰው ሲበተን፣ ጥላዬ ፀሐይ ላይ ሲያሞቃቸው የዋላቸውን የባትሪ ድንጋዮች ይዞ ገባ። ባዶው መደርደሪያ ላይ ብቻዋን ወደቀረችው ሬዲዮን ሄዶ ከተታቸውና እጁን ማዞሪያው ላይ አድርጎ ወደ እሷ ዞረ። ሳይጠይቃት አልከፈተም።

አመተማርያም ነጠላዋን አስተካክላ አጠገቡ ቆመች።

«ክፈታት» አለችው።

ሬዲዮኗ መጀመሪያ ሿ ስትል ቆየች፤ ከዚያ ከውስጧ ሰው መናገር ጀመረ።