አቴንስ ላይ የተነቀለው ስፒል

ኦቦ ሂርጳ ሞተው የተገኙት ከአውሮፓ ካርታ ስር ነው። ካርታው ከራስጌያቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ እሳቸው በቀኝ ጎናቸው ዞረው ተኝተዋል። ጉንጫቸው ቀላ ብሎ፣ ላያቸው ለመጣ ሰው ከወትሮው ይልቅ ጤነኛ መስለው ነበር። ከአልጋው ግርጌ የከሰል ምድጃ አለ። ከሰሉ ነዶ ነዶ ዐመድ ሆኗል። ከጎረቤት የመጣው ሁሉ ምድጃውን እያየ ከንፈሩን መጠጠ።

«አይ ከሰል! ስንቱን በላ!»

እውነትም የነሐሴ ዝናብ አምቦን ሦስት ቀን ሙሉ ሲደበድባት ሰንብቷል። ጡረታ የወጣ መምህር በረደው፣ ከሰል አስገብቶ ከምሳ በኋላ ጋደም አለ፣ በዚያው ቀረ። ምኑ ያስደንቃል? አስቀድሞ የደረሰው ፖሊስ «አደጋ» ብሎ ጽፎ ደብተሩን አጥፎ ነበር።

ነገሩ ያልተዋጠላት አንዲት ሴት ናት። ኢንስፔክተር ቤርሳቤህ ኦሊቃ ትባላለች፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ስትናገር ሳይሆን ዝም ስትል የምታስፈራ። ኦቦ ሂርጳ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተምረዋታል። የመጣችው ለለቅሶ ነው። ክፍሉን ስታይ ግን እንባዋ ቀጥ አለ፤ ቲቸር ሂርጳ ከሰል የሚነድበት ቤት ውስጥ ተማሪ እንኳ አያስቀምጡም ነበር።

ካርታውን አየች። ሦስት ስፒሎች ተሰክተውበታል። ፓሪስ ላይ ቀይ፣ ሊዝበን ላይ አረንጓዴ፣ ቪየና ላይ ሰማያዊ። አቴንስ ላይ ሁለት ቀዳዳ ብቻ አለ፤ ከዚያ የተነቀሉት ቢጫና ጥቁር ስፒሎች ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የዓለም ሉል አለ። አቴንስ ያለችበት ቦታ ላይ የክብሪት እንጨት በቀለጠ ሻማ ተጣብቆ ቆሟል። ከሉሉ ፊት ለፊት የእጅ ባትሪ ተጋድሟል።

«ይሄን ማን ነካው?» አለች።

«ማንም፤ የሱን ጠረጴዛ ማን ይደፍራል?» አሉ አዴ ሙሉወርቅ፣ የሟች ባለቤት።

ቤርሳቤህ አዴ ሙሉወርቅን ወደ ጓዳ ወስዳ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ስፒሎቹ ምንድን ናቸው አዴ?»

«የለንሳ ነገር ነው። ኖርዌይ ያለችው ልጄ። ጥቅምት ላይ የአንድ ሳምንት ዕረፍት አላት፤ እዚያ አገር ያኔ ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ነው አሉ። ‹አንድ ከተማ ምረጡ፣ ሁላችሁንም አመጣችኋለሁ› አለች። ሂርጳ ደስ ብሎት ካርታ ሰቀለ፤ ለእያንዳንዳችን ስፒል አደለ። ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረውን ከተማ በዓይኑ ሊያይ ነው! ይሄኛው ይበርዳል፣ ያኛው ይወደዳል ሲባል ሰነበተ። እኔ ከተማ አልፈለግሁም ልጄ። እኔ የፈለግሁት መቃብር ነው።»

የበኩር ልጃቸው ቀንዓ በሁለት ሺህ ዘጠኝ ሚያዝያ ላይ ሳይሰናበታቸው ከጓደኛው ከሚልኬሳ ጋር ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሚልኬሳ ብቻውን ተመለሰ። በሱዳን በኩል ባሕር ተሻግረው አቴንስ እንደ ገቡ፣ በሁለት ሺህ ዐሥር ጥቅምት ቀንዓ በሳምባ ሕመም እንደ ሞተ፣ በእጁ እንደ ቀበረው እያለቀሰ ነገራቸው። የመቃብሩን ፎቶም አምጥቶ ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ ሚልኬሳ የቤቱ ልጅ ሆነ፤ ከመስቀል በኋላም ታናሿን ልጃቸውን ኤቢሴን ሊያገባ ቀን ተቆርጧል።

«አፈሩን በእጄ ሳልዳስሰው እንዴት ሞቷል ልበል?» አሉ አዴ ሙሉወርቅ። «ሂርጳም እንደኔው አቴንስ ላይ ሰካ። ያንን ፎቶ አንድ ቀን አይቶት አያውቅም፤ አንጀቱ አልችል ብሎት። ትናንት ግን መቃብሩን ለንሳ እንድታፈላልግ ብሎ ከመጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አወጣውና ጠዋቱን ሙሉ በር ዘግቶ ዋለ። ምሳ ላይ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹አቴንስ ቀርቷል፤ እዚያ የሚያስሄደን የለም፤ ለንሳ ያለችው ቪየና እንሂድ።›»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«ምንም። ጉርሻዬን ጥዬ ተነሳሁ። ለጸሎት ስወጣ ደህና ዋል እንኳ አላልኩትም።» አዴ ሙሉወርቅ እንባቸው መጣ። «ስመለስ በሩ አልከፈት አለኝ። የእግር መጥረጊያው ጆንያ ተጠቅልሎ በሩ ስር ከውጭ ተወትፏል። በእግሬ ገፍቼው ገባሁ።»

«ከውጭ?»

«ኤዬ፣ ከውጭ።»

ቤርሳቤህ ደብተሯን ዘጋች። ውስጥ የተኛ ሰው ከውጭ ጆንያ አይወትፍም። ቲቸር ሂርጳ ተገድለዋል፤ ገዳዩም የግቢውን ሁኔታ አብጠርጥሮ የሚያውቅ ነው።

ምድጃው የያሕያ ነበር። ያሕያ ከስልጤ የመጣ ጫማ ነጋዴ ነው፤ በግቢው ካሉት ክፍሎች አንዱን ተከራይቶ አምስት ዓመት ኖሯል። ስሙ ሲጠራ ላብ አጠመቀው።

«ወላሂ ኢንስፔክተር፣ ምድጃዬ ሁልጊዜ ከበረንዳው ጥግ ነው። ማንም ያነሳዋል። እኔ እስከ ማታ ሱቅ ነበርኩ።»

«ቤቱን ልቀቅ ብለውህ ነበር አሉ።»

«ለሠርጉ ክፍሉ ይፈለጋል አሉኝ፣ እሺ አልኩ። ለቤት ብዬ ሰው ልግደል?»

ኤቢሴ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ናት። ለቅሶው ድምጿን ዘግቶታል። ቀዩ ስፒል የሷ ነው።

«ፓሪስ አልኩ፤ ተሳሳቅን። ምሳ ላይ ግን አባቴ ሌላ ሰው ሆነ። ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሚልኬሳን ይጠይቀው ጀመር። ‹ስንት ሰዓት ነው የቀበርከው?› አለው። ‹ቀትር ላይ።› ‹ፎቶውንስ መቼ አነሳኸው?› ‹ያኔውኑ።› ‹ፀሐይ ነበር?› ‹ድርቅ ያለ ፀሐይ።› ከዚያ አባቴ ፎቶውን ገፋ አደረገው። ‹አቴንስ ቀርቷል› አለ። ‹ሠርጉም ትንሽ ይቆይ› አለ። እኔም ተናድጄ ወደ ሥራ ወጣሁ።»

«ፎቶውን ከጠረጴዛው ማን አነሳው?»

«እንጃ። ሳህኑን ያነሳሳው ሚልኬሳ ነው። አባቴ ወስዶት ይሆናል።»

ፎቶው ግን ከኦቦ ሂርጳ ክፍል አልተገኘም። ከኪሳቸውም፣ ከመጽሐፍ ቅዱሱም የለም።

ሚልኬሳ በመጨረሻ ገባ። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ጥርሱ የሚያምር፣ አነጋገሩ ለስላሳ ወጣት ነው። የሊዝበኑ አረንጓዴ ስፒል የሱ ነበር።

«አቴንስ የኖርክ ሰው ሊዝበንን ለምን መረጥክ?»

«ለሀርሜ ብዬ ነው ኢንስፔክተር።» አዴ ሙሉወርቅን እንደ እናት ስለሚያይ ሀርሜ ነው የሚላቸው። «መቃብሩን ያዩ ቀን አይተርፉልንም። ሊዝበን ጥቅምትም ቢሆን ሙቀት ነው፤ ባሕሩ አለ፤ ልባቸው ይረሳል ብዬ ነው።»

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ፀጉሬን ልስተካከል ሄድኩ። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነበርኩ፤ ዝናቡ አላስወጣኝም።»

«ኦቦ ሂርጳ ስለ ሰዓቱና ስለ ፀሐዩ ለምን የጠየቁህ ይመስልሃል?»

«አባት ነዋ! አባት ምኑን አይጠይቅም?» አለና ዓይኑን አበሰ። እንባው እውነተኛ ነበር፤ ሐዘንና ፍርሃት አንድ ላይ ሲሆኑ እንባ ከየትኛው እንደሚመጣ ባለቤቱም አያውቀውም።

ቤርሳቤህ ምድጃውን በረንዳ ላይ አውጥታ ዐመዱን በእንጨት ማንኪያ ገላለጠችው። ከታች፣ ከሰሉ የተቀጣጠለበት ወረቀት ካለበት ቦታ፣ የተኮማተረ ጠንካራ ቁራጭ አገኘች። በአንድ ጎኑ ያብለጨልጫል። በጥፍሯ ጫፍ አንስታ ፖስታ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ኖርዌይ ደወለች።

«ለንሳ፣ የወንድምሽን የመቃብር ፎቶ እናትሽ ልከውልሽ ነበር?»

«አዎ፣ እስካሁን ስልኬ ላይ አለ።»

«አሁኑኑ ላኪልኝ። ለቤተሰቡ ግን ምንም አትበዪ።»

ፎቶው ደረሰ። ቀይ አፈር፣ አዲስ የተቆፈረ፤ የቀንዓ ስም የተጻፈበት የእንጨት መስቀል፤ ሌላ ምንም። ቤርሳቤህ አፍጥጣ አየችው። ከዚያ ወደ ኦቦ ሂርጳ ክፍል ሄዳ የእጅ ባትሪውን አበራች፤ ሉሉን ቀስ አድርጋ አዞረች፤ የክብሪት እንጨቱን ጥላ ተመለከተች። ስልኳን ከሉሉ አጠገብ ይዛ ሁለቱን አስተያየች።

በማግስቱ፣ ከቀብር መልስ፣ ቤተሰቡን ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየወቀጠ ስለነበር በሩ ተዘግቷል። አዴ ሙሉወርቅ ከሶፋው ጥግ፣ ኤቢሴና ሚልኬሳ ጎን ለጎን፣ ያሕያ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ለንሳ በስልኩ መስታወት ውስጥ ዓይኗ አብጦ ትታያለች። ከደጅ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል።

«ቲቸር ሂርጳ በከሰል ጭስ ሞተዋል፤ ግን ከሰሉን እሳቸው አላስገቡትም» አለች ቤርሳቤህ። «ጆንያው ከውጭ ተወትፏል። ምሳቸውን በልተው ሲተኙ ቤት ቢፈርስ እንደማይሰሙ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ ማን? አቶ ያሕያ፣ ምድጃው ያንተ ነው፤ ግን ሰው የሚገድል ሰው የገዛ ዕቃውን አስከሬን ስር ትቶ አይሄድም። ኤቢሴና አዴ ተቆጥተው ነበር፤ ቁጣ ግን ፎቶ አያቃጥልም።»

«የምን ፎቶ?» አሉ አዴ ሙሉወርቅ።

ቤርሳቤህ ቁራጩን ከፖስታው አውጥታ አሳየቻቸው። «የቀንዓ መቃብር። ከሰሉ የተለኮሰው በሱ ነው። ገዳዩ መጀመሪያ ፎቶውን አጠፋ፤ ቀጥሎ ፎቶውን ያነበበውን ሰው። ለምን ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። እናንተ ፎቶው ላይ ያያችሁት ስም ነው። ቲቸር ያዩት ጥላውን ነው።»

ሉሉን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች።

«ዘጠነኛ ክፍል እያለን ሜዳ አውጥተው እንጨት ያስተክሉን ነበር። የእንጨቱን ጥላ ለክታችሁ የት አገር እንደቆማችሁ ንገሩኝ ይሉናል። በጥቅምት አቴንስ ላይ ፀሐይ አናት ላይ አትወጣም፤ ቀትርም ቢሆን ወደ ደቡብ ጋደል ብላ ነው የምታልፈው። የአንድ ክንድ እንጨት የአንድ ክንድ ያህል ጥላ ይጥላል።» የስልኳን ፎቶ ወደነሱ አዞረችው። «ይሄን መስቀል እዩት። ጥላው የት አለ?»

ኤቢሴ ጎንበስ ብላ አየች። «ከእግሩ ስር ነው። የለም ማለት ይቻላል።»

«ፀሐይ እንዲህ አናት ላይ የምትቆመው በአቴንስ አይደለም፤ በጥቅምትም በሰኔም፣ አንድም ቀን። በእኛ አገር ግን ቀንዓ ከቤት በወጣበት በሚያዝያ ትቆማለች። ቲቸር ምሳ ላይ ሰዓቱን የጠየቁት ለዚህ ነው። ልጃቸው አቴንስ እንዳልተቀበረ ገባቸው፤ አረጋግጠው እስኪነግሯችሁ ድረስ አዴ በባዶ አገር መቃብር ፍለጋ እንዳይንከራተቱ ስፒሉን ነቀሉ። የሚያስሄደን የለም ያሉት ጨክነው አልነበረም።»

አዴ ሙሉወርቅ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«የመቃብሩን ስፍራ ስም ስጠይቀው ሁልጊዜ ረሳሁት ይለኝ ነበር» አለች ለንሳ ከስልኩ ውስጥ።

«ይህ ፎቶ የሚያስፈራው አንድ ሰው አለ፤ ያመጣው። ሳህኑን ሲያነሳሳ ፎቶውንም አነሳ። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ፀጉር ቤት ነበርኩ አለኝ፤ ፀጉር አስተካካዩ ግን ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው የመጣው ብሎ ፈርሞልኛል።» ወደ ሚልኬሳ ዞረች። «አቴንስን ረግጠህ አታውቅም። አይደል?»

ሚልኬሳ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ኤቢሴ እጇን ከእጁ መንጭቃ ተነሳች። ያሕያ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

አዴ ሙሉወርቅ ተነስተው ከፊቱ ቆሙ። ስለ ባላቸው አልጠየቁትም።

«ልጄ የት ነው?»

«ሀርሜ…»

«ሀርሜ አትበለኝ። የት ነው?»

«ወንጪ» አለ ሚልኬሳ። «ወንጪ ነው። ከሐይቁ በላይ፣ ከፈረስ መንገዱ ወረድ ብሎ። ከዚህ በወጣን በሦስተኛው ቀን። ደላላው እስኪደውል እዚያ ተደብቀን ነበር። ሱዳን ስደርስ እውነቱን ልናገር አልኩ፣ አቃተኝ። ካርቱም መኪና ሳጥብ ኖሬ ተመለስኩ።»

«ለምን ገደልከው?» አለች ቤርሳቤህ።

«ልገድለው አልነበረም! እመለሳለሁ አለኝ። ደላላው ብቻዬን አይወስደኝም ብዬ ፈራሁ። ለመንኩት። ያዝኩት። ሲታገለኝ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበርን።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ቀበርኩት። ስሙን ጻፍኩለት። ለእናቱ የማሳየው ብዬ ፎቶ አነሳሁ፤ ከዚያ መስቀሉን ነቀልኩት።»

«ለምን ነበር የሚመለሰው?» አሉ አዴ ሙሉወርቅ።

ሚልኬሳ ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።

«‹እናቴን ሳልሰናበት አንጀቴ አይቆርጥም፤ አምቦ ደርሼ ልምጣ› ብሎ ነው።»

ኤቢሴ ጮኻ አለቀሰች። ፖሊሶቹ ገብተው ሚልኬሳን በብብቱ ይዘው አስነሱት። ቤርሳቤህ ለአዴ ሙሉወርቅ የወንጪ መንገድ ጭቃ መሆኑን፣ መቃብሩም በሕግ ትእዛዝ መከፈት እንዳለበት ልትነግራቸው አፏን ከፈተችና ተወችው፤ ወደ ሹፌሩ ዞራ መኪናውን እንዲያስነሳ አዘዘችው። አዴ ሙሉወርቅ ጫማቸውን አድርገው በሩን ከፈቱ። ሰባት ዓመት ሙሉ ባሕር ማዶ ነው ብለው ያለቀሱለት ልጅ ሁለት ሰዓት ከማይሞላ መንገድ ላይ ነው።

«እየመጣልኝ ነበር» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «ልጄ ወደ እኔ እየመጣ ነበር።»